በግጥሙ ውስጥ የሚተነፍሰው ሰው

ልጅቱ ወረቀት አትይዝም ነበር። በአንድ መጻሕፍት መደብር ሰገነት ላይ በሚሰናዳው የግጥም ዝግጅት ሌሎቹ ገጣሚዎች ከስልካቸው ሲያነቡ፣ እርሷ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ትቆምና ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንድ ፊት መርጣ ለዚያ ፊት ትናገራለች። ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ናት። «አፋቸውን ከፍተው መልስ ለማይሰጡኝ ሰዎች ሳወራ ስለምውል ለምጄዋለሁ» ትል ነበር።

በዚያ አመሻሽ የመረጠችው ፊት ማይክሮፎን ሊያስተካክል ጎንበስ ያለ ወጣት ፊት ሆነ። ወጣቱ የግጥም ፖድካስት ያዘጋጃል። ሥራው ከሰዎች ንግግር ውስጥ ሳሉን፣ ትንፋሹንና የወንበሩን ሲጥታ እየለቀመ ማውጣት ስለሆነ ጓደኞቹ «ጸጥታ» ብለውታል። ቀና ሲል ዐይኖቿን አገኘ፤ ግጥሙ እስኪያልቅም ዐይኑን ሊነቅል አልቻለም።

በሳምንቱ ወደ ስቱዲዮው ጋበዛት። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ ከአንዲት ከፍ ያለች መስኮት የከሰዓት ብርሃን እንደ ቀጭን መጋረጃ የሚወርድባት ጠባብ ክፍል ናት። ልጅቱ ከማይክሮፎኑ ፊት አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው።

«አልመጣ አለኝ።»

«ውሃ ላምጣልሽ?»

«ሰው አምጣልኝ። እኔ ለብረት ግጥም ነግሬ አላውቅም።»

ከእርሱ በቀር ማንም አልነበረምና ድምፅ ላለማሰማት ተጠንቅቆ ከፊቷ ተቀመጠ።

«እባክህ ፊትህን ፍታው» አለችው። «የእሁድ ባንክ ቤት መሰልክ እኮ።»

ሳቀ። ያኔ ጀመረች፦

በሬን ዘጋግቼ፣ መብራቴን አጥፍቼ፣
ማን ያየኛል ብዬ፣ ታየሁ ተከፍቼ።

ከዚያ በኋላ የረቡዕ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ። እርሷ ትናገራለች፤ እርሱ ያያታል። ስንኝ ባበቃ ቁጥር ዝምታው እንደ ረጋ ውሃ ይተኛል፤ ከሁለቱ አንዱም ሊረብሸው አይደፍርም። ድምፅዋ ግን በፖድካስቱ ከክፍሏ ወጥቶ በየአውቶቡሱ፣ በየወጥ ቤቱ፣ በየሰው ጆሮ ገባ።

ታዲያ አንድ ቀን ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ የሬዲዮ ጣቢያ «መጥተሽ ከእኛ ጋር ሥሪ» ሲል ጻፈላት።

«ምን ትላለህ?» አለችው።

ቅር አለው፤ አንደበቱ ግን፣ «ጥሩ ዕድል ነው። ድምፅሽ ለዚህች ክፍል ይበዛል» አለ።

ልጅቱ ካፖርቷን አነሳች። «እንግዲያው ይሁን» ብላ ወጣች። ለካ ገና ሳልሄድ መሄዴን ለምዶት ኖሯል ስትል በመንገዱ ሁሉ አሰበች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልካቸውን ከክር ማኅደሩ አጠገብ አስደግፈው የልጃቸውን ግጥም እየሰሙ ይሰፋሉ። ያን ዕለት የስፌት መኪናቸውን መርገጫ አቁመው፣ «የኔ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ማነው?» አሏት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ግጥምሽ ውስጥ የሚተነፍሰው ነዋ። አንቺ ስንኝ በጨረስሽ ቁጥር በቀስታ ‹እህ› ይላል። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል፤ አንዷማ የምታዳምጥሽ ለእሱ ስትል ነው።»

«ልብሱ ጠቦት ይሆናል፣ እማዬ።»

«ልብስ የጠበበው ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?»

በማግስቱ ልጅቱ ያለ ቀጠሮ ስቱዲዮው ገባች። ማዳመጫውን በጆሮው ላይ ደፍታ ከፊቱ ቆመች። ወጣቱ ሰማ። በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ቤቱ የደረሰ ሰው ትንፋሽ አለ። የሰውን ሁሉ ትንፋሽ ሲለቅም የኖረ ጆሮ የራሱን ሳይሰማ ከርሟል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ እንደ በርበሬ ቀልቶ። «አወጣዋለሁ።»

«አውጣዋ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ሞከረ፤ ደግሞ ሞከረ፤ እጁን አነሳ።

«አይወጣም። ከቃልሽ ጫፍ ጋር ተዋህዷል፤ እሱን ልቁረጥ ብል ያንቺም ድምፅ ይቆረሳል።»

«ይሄ የባለሙያ መልስ ነው።»

ከኮምፒውተሩ ወደ እርሷ ዞረ። እርሷም አላገዘችውም።

«እንድትሄጂ አልፈልግም» አለ በመጨረሻ። «አትሂጂ ለማለት ግን መብት የለኝም።»

«መብቱን ማን ነሳህ? ጠይቀህ ተከለከልክ?»

«ትላንት እኮ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ትላንትማ የሸኘኸኝ አንተ ነህ።»

ፈገግታዋ ከከንፈሯ ቀድሞ ዐይኗ ላይ ታየ። «ለጣቢያው እጽፍላቸዋለሁ። ድምፄን ከፈለጉ ከዚሁ ይላክላቸዋል፤ ከነትንፋሹ።»

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ጦሜን አላድርም።»

እጁን ዘረጋ፤ ያዘችው። ብርሃኑ ከመስኮቷ ወርዶ በጣቶቻቸው ላይ አረፈ። ከዚያ በነጻ እጇ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ሰውዬውን አገኘሁት።»

«መናገርስ ይችላል?» አሉ እናቷ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው።

«አሁን ጀመረ።»