የሠናይት ደቦ

ዋልልኝ ለሠናይት የተናገራት የመጀመሪያ ቃል የፍቅር ቃል አልነበረም። ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋና «እህቴ፣ ካላስቸገርኩሽ ይቺን ሊንክ ንኪልኝ» አላት።

«ብነካት ምን ይሆናል?»

«ዕቃ ታያለሽ። ከወደድሽው ትገዣለሽ። ከገዛሽ ሻጩ ለእኔ ትንሽ ኮሚሽን ያስብልኛል።»

«ካልገዛሁስ?»

«እሱንማ ለምጄዋለሁ።»

ሳቀች። እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ፈገግታውን ሊደብቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንዲህ የሚያፍር ሻጭ አይታ አታውቅም። ሊንኩን አልነካችም፤ ከመኪናው ስትወርድ ግን ስልክ ቁጥሩን ይዛ ነበር።

ይኸው ዓመት አለፈ። ፍቅሩ ሰመረ፤ ሥራው ግን ወይ ፍንክች። ዋልልኝ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላለ፣ በኢንተርኔት ለሚሸጥ አንድ ድርጅት ዕቃውን በቴሌግራም ያስተዋውቃል። በእሱ ሊንክ ገብቶ የሚገዛ ሰው ሲገኝ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን ድርጅቱ የወሰነው መጠን ላይ ሳይደርስ አይከፈልም። ሥራውን ያስተማረው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ አንድ አሠልጣኝ «ተኝታችሁ ገንዘብ ይገባላችኋል» ብሎ ሲያስከፍለው ይህን አልነገረውም። ዋልልኝ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገንዘቡም አልገባለት፣ እንቅልፉም አልመጣለት።

ደግሞስ በዚህ አገር ማን ሊንክ ነክቶ ይገዛል? ሰዉ ፎቶውን አይቶ «ዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ባሕር ዳር ሲወርድ ከሱቅ ይገዛዋል። በሊንኩ የገዛም እንደሆነ ዕቃው ሲበላሽ ድርጅቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዋልልኝን ነው። አንድ ሰው የማይበራ የፀሐይ መብራት በፌስታል አንጠልጥሎ ቤቱ ድረስ መጥቶ «አንተ አይደለህ ግዙ ያልከን?» ብሎታል። ምን ይበለው? ከኪሱ ሌላ ገዝቶ ሰጠው። ኔትወርክ የጠፋበት ሰሞንማ ባይነሣ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለሠናይት ብስጭት እንጂ ጭንቅ አልነበረም። ጭንቁ አባቷ ናቸው። አያ ጌጡ ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ናቸው። አንድ የይፋግ እህል ነጋዴ ሠናይትን ለልጁ ጠይቋቸው፣ መልሱን ዐቢይ ጾም ሳይገባ እሰጣለሁ ብለዋል። ስለ ዋልልኝ ስትነግራቸው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሥራው ምንድን ነው?» ዋልልኝም የመጀመሪያው ክፍያ እጁ ሳይገባ ሽማግሌ እንደማይልክ ምሏል። ጾሙ ደግሞ እየደረሰ ነው።

«ጥቂት ነው የቀረኝ» አላት አንድ ቀን፣ ደብረ ታቦር ባለው የልብስ ስፌት ሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ። «ችግሩ ሰው አይነካውም። ሰው ቢነካው ኖሮ እኮ...» አልጨረሰውም። ሠናይት በመርፌዋ ቀዳዳ ክር እያስገባች ማሰብ ጀመረች።

ሠናይት የገበሬ ልጅ ናት። አዝመራ ደርሶ ሰው ሲያንስ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስም በአከራይዋ በእትዬ ብዙነሽ ግቢ ደቦ ጠራች። ሰው ስልኩን ይዞ ወጣ። የእትዬ ብዙነሽን ዋይፋይ ከፍተው ሊንኩን ሲነኩት ዋሉ። ስልክ የማያውቅ በልጁ ስልክ ነካ፤ አንዳንዱም ዕቃ አዝዞ መልሶ ሰረዘ። «በርቱ እንጂ፣ ጀንበሯ ሳትጠልቅ» ይላሉ እትዬ ብዙነሽ ጠላ እየቀዱ። ዋልልኝ ለለቅሶ ሐሙሲት ወርዶ ነበር፤ ሠናይት ድንገት ልታስደስተው ብላ አልነገረችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ለዋልልኝ ከድርጅቱ መልእክት መጣ። ሊንኩ ከአንድ የኢንተርኔት መስመር ያን ሁሉ ጊዜ በመነካቱ እንደ ማጭበርበር ተቆጥሯል፤ አካውንቱ ተዘግቷል፤ የተጠራቀመው ኮሚሽንም ተሰርዟል።

ዋልልኝ ሱቋ ገብቶ ስልኩን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርገው ይሻላት ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«ለአንተ ብዬ ነው። ሰው አይነካውም አላልክም?»

«ነክቶ እንዲገዛ ነዋ። ለመሆኑ በሰው ማሳ ደቦ ይጠራል? አንቺ የገበሬ ልጅ አይደለሽም?»

«በሰው ማሳ» ያላት ቃል ልቧን ወጋት። መልስ ነበራት፤ እሱ ግን አልጠበቃትም። ስልኩን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም። በእሱ ተናዳለች፣ በድርጅቱ ተናዳለች፣ ከሁሉ በላይ በራሷ ተናዳለች። የደንበኛ ሱሪ ያለልክ አሳጥራ ከሰውዬው ጋር ተጣላች። ዋልልኝ ባሕር ዳር ወርዶ የቀን ሥራ ሊፈልግ ነው ሲሉም ሰማች።

በገበያ ቀን አያ ጌጡ ድንቻቸውን ሸጠው ወደ ሱቋ ጎራ አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ገና በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ዋልልኝ ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሊሰናበታት ነበር የመጣው። አባቷን ሲያይ ደንግጦ እጅ ነሣ።

«በስልክ ይሠራል የተባልከው ልጅ አንተ ነህ?»

«ነበርኩ፣ አባቴ። አሁን ተዘግቶብኛል።»

«ሰምቻለሁ። ደቦ ወጥቶልህ ነው አሉ የተዘጋው። ደቦ ያጠፋው አዝመራ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።» ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። «ለመሆኑ ማን ነው የጠራው?»

ዋልልኝ ሠናይትን አላያትም። «እኔ ነኝ» አለ።

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አያ ጌጡ ሁለቱንም በየተራ አዩአቸው። «በሰው ማሳ ደቦ አይጠራም። ይህን ሳላስተምርሽ ቀርቼ ነው?»

ሠናይት መቀሱን አስቀመጠች። ያን ቀን ሳትሰጠው የቀረችውን መልስ አሁን ሰጠች።

«አስተምረውኛል። የሰው ነው ብዬ አልጠራሁም። የእኔም ማሳ ነው ብዬ ነው።»

ዋልልኝ ሻንጣውን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠው።

«እንግዲያ የይፋጉን ሰውዬ በጊዜ ልመልሰው» አሉ አያ ጌጡ በመጨረሻ። ወደ ዋልልኝ ዞሩ። «ሥራህ ዛሬም አልገባኝም፤ ብታስረዳኝም የሚገባኝ አይመስለኝም። ግን አዝመራውን በረዶ ቢመታው ማሳው የትም አይሄድም። ጾሙ ሳይገባ ሽማግሌ ላክ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። እስከዚያ እንደገና ዝራ።»

ዋልልኝ በሌላ ድርጅት አካውንት ከፈተ፤ እንደገና ከባዶ። ሰዉ አሁንም «ዋጋ?» እያለ ይጠይቀዋል፣ ኔትወርኩም እንደ ልማዱ ይጠፋል። የመጀመሪያዋን ሊንክ ያወጣ ዕለት ለሠናይት መልእክት ላከላት፤

«እህቴ፣ ካላስቸገርኩሽ ይቺን ሊንክ እንዳትነኪያት።»

ሠናይት ብቻዋን ሳቀች። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ዕለት የምትለብሰውን ቀሚስ መስፋቷን ቀጠለች።