የተነቀለው ገመድ

ማይኩ ድንገት ጭጭ ሲል፣ «ሬዲዮ» ንግግሯን ገና አላጋመሰችም ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አፏ አያርፍማ! በወላጆች ቀን ስምንተኛ ክፍሎችን ወክላ እንድትናገር የተመረጠችውም ለዚሁ ነው።

አሁን ግን ምላሷ ደረቀ። ከኋላ «አይሰማም!» እያሉ ጮኹ። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፣ ወንበሮች ተንኳኩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸመደደችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የምትገባበት ጠፋት።

«ይቅርታ፣» አለች ጮክ ብላ፣ «ኤሌክትሪሺያናችንን እንደ ልማዳቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም እፎይ አለች።

ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ጎንበስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። ገመዱን በዓይናቸው እየተከተሉ መጥተው እግሯ ሥር ቁጢጥ አሉ። ወዲያ ወዲህ ስትል ገመዱ ጫማዋ ላይ ተጠምጥሞ ከሶኬቱ ተነቅሏል። ቀና ብለው አዩዋት። እሷም ገመዱን አየችው።

«አይዞሽ ልጄ፣» አሉ ከሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። «መጀመሪያ ረጋ ብለሽ ተንፍሺ። ሁሉንም አትያቸው፤ አንድ ሰው ምረጪና ለሱ ብቻ አውሪለት።»

ገመዱን ሰክተው ወረዱ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን እናቷን መረጠች። ቃላቱ አንድ በአንድ ተመለሱላት፤ ስትጨርስ ጭብጨባው ቀለጠ።

ከመድረኩ ስትወርድ ጓደኛዋ ተጠመጠመችባት። «ቀውጢ ነበርሽ! ያቺ ቀልድማ በሳቅ ገደለችን።»

«ገመዱን የነቀልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እና? ማን አየሽ? ዝም በይ ባክሽ፣ ራስሽን አታዋርጂ።»

በሩ አጠገብ ርዕሰ መምህሩ ጋሼን እየተቆጡ ነበር። «በእንግዳ ፊት አሳፈሩን!»

«ይቅርታ፣ አይደገምም፣» አሉ ጋሼ እጃቸውን አጣምረው።

ሬዲዮ ፊቷ እሳት ሆነ። እናቷ መጥታ «ኮራሁብሽ!» ስትላት ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ወላጆች መነሳት ሲጀምሩ ጋሼ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ወደ መድረኩ ተመለሱ። እሷም እናቷን ትታ ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣» አለች እጇን ወደ ማይኩ እየዘረጋች፣ «እባክዎ ገና አይንቀሉት። ሳልናገር የቀረኝ ነገር አለ።»