ሒክማ ድንጋይ የተሸከመችበት ዕለት

ሚያዝያ ፲፭ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጧት፣ በሐይቁ ላይ ያደረው ጉም ሳይነሣ ረፈደ። ዓለምን ያስጨነቀው ወረርሽኝ ወደ አገር ከገባ ብዙ አልቆየም፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከልክሏል፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት የመኪና ድምፅ ከራቀው ሰንብቷል፤ በዳሩ ቆመው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ለመንገደኛ ያሳዩ የነበሩት ዓሣ አጥማጆችም ገዢ ስላጡ መረባቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ረመዳን ይገባል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ የሐይቅና የአምባሰል ሙስሊም ሁሉ አመሻሽ ላይ የምትታየውን ጨረቃ ያስብ ነበር። ሁለት ቤተሰቦች ግን የሚያስቧት በፍርሃት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት ነው። ሙሐዲን የተባለ ዓሣ አጥማጅ በዚያው አስፋልት ዳር ዓሣውን አንጠልጥሎ ቆሞ ሳለ፣ ከከተማው በኩል በፍጥነት የመጣች መኪና መንገዷን ስታ ገጨችው፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስም ሞተ። መኪናዋን ትነዳ የነበረችው በሐይቁ ዳር ፊልም ልትሠራ የመጣችው ተዋናይት ሒክማ ነበረች፤ ጠጥታም ነበር።

ሒክማን የማያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ ጥቂት ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር ተወልዳ አዲስ አበባ ላይ ስሟ የገነነው በልቅሶዋ ነበር፤ ስታለቅስ ፊቷ ሳይጨማደድ፣ ድምፅዋም ሳይሰበር፣ ከግራ ዓይኗ ብቻ አንዲት ዘለላ ትወርዳለች፤ ተመልካቹም ያችን ዘለላ ለማየት ሲኒማ ቤት ደጃፍ ይሰለፍ ነበር። ከፊልም ውጭ ግን ሌላ ሰው ነበረች። በሰርጓ ዋዜማ ሙሽራውን ጥላ ከሌላ ሰው ጋር ላንጋኖ ወርዳለች፤ የሆቴል ዘበኛ በጥፊ መትታ ፖሊስ ጣቢያ አድራለች፤ ሽልማት በተነፈገችበት መድረክ ላይ ጫማዋን አውልቃ በዳኞቹ ላይ ወርውራለች። የወሬ ቻናሎች በስሟ እንጀራ ይበሉ ነበር፤ ወሬው ሲቀዘቅዝም እርስዋ ራስዋ ትቆሰቁሰዋለች ይባል ነበር። በሙሐዲን ሞት ተከስሳ በዋስ ከተለቀቀች በኋላ ወረርሽኙ ገባና የፍርድ ቤቱም ሥራ ተቀዛቀዘ።

ደም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በእነዚያ ቤተሰቦች ልማድ ደም በሴት ላይ አይመለስም፤ ሴት ብታጠፋ የሚፈለገው ወንድሟ ነው። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ረግጦ የማያውቀው ገበሬው አብደላ፣ የሒክማ ታላቅ ወንድም፣ በእኅቱ ጥፋት ደመኛ ሆነ፤ ከውጫሌ ገበያ ቀረ፤ ከመስጊድ ቀረ፤ የማሽላ መዝሪያ ደርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ የእርሱ መሬት ታርሶ ባዶውን ተኛ። የሟቹ ወንድም ሰዑድ ደግሞ ከጅዳ ተጠርዞ መጥቶ ከለይቶ ማቆያ የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር፤ የወንድሜን ደም ሳልመልስ የእናቴን ደጅ አልረግጥም ብሎ ስለ ማለ፣ መረብ በሚቀመጥባት የሐይቅ ዳር ጎጆ ውስጥ አረፈ።

አበጋር ሸህ አብዱልጀባር፣ ደም የማስታረቅን ማዕረግ ከአባታቸው የወረሱ ሽማግሌ፣ እስከ ጎጆዋ ድረስ ሄደው ለምነው ከሰዑድ አንድ ነገር ብቻ አገኙ፤ የረመዳን ጨረቃ እስክትታይ ይታገሣል። እናቱ ወይዘሮ መስኡዳ እስከዚያ አውፍ ብለው ይቅር ካሉ ይተዋል፤ ካላሉ ግን አበጋሩም ከመንገዱ ዘወር ይላሉ።

ሒክማ አምባሰል የደረሰችው በዋዜማው፣ ረቡዕ ዕለት፣ እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አብደላ ከበሩ ጀርባ ሆኖ የዘር ማሽላ ይለቅም ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

«መጣሽ።»

«መጣሁ፣ አያ።»

«ያ መነጽርሽ የታለ? በቴሌቪዥን የምታደርጊው።»

«ጣልኩት።»

«ደግ አደረግሽ። ዝንብ ትመስይበት ነበር» አለና ወደ ማሽላው ተመለሰ።

በማግስቱ ጧት፣ የመውለጃዋ ወር የተቃረበው የአብደላ ሚስት ኑርሀያት ሒክማን ወደ ጓዳ ጠርታ ሻሿን እያሰረችላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ እኅቴ። እናት አንድ ነገር ነው የምትጠይቅ። ልጄ ሸሃዳ ይዞ ሞተ ወይ ትልሻለች። ይዟል በያት።»

«ኑርሀያት፣ እኔ እኮ…»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት በያት። የሷም ልብ ያርፋል፣ የኔም ልጅ አባት ይኖረዋል። ማንን ይጎዳል?»

«አያስ ምን ይላል?»

«እሱን አትጠይቂው። ወንድ ሞቱን ሲጠብቅ ግትር ነው።»

ሒክማ ሻሿን ራስዋ አጠበቀች። ከሙሐዲን አፍ የሰማችው አንዳች ቃል አልነበረም። ያን ዕለት ከመኪናዋ አልወረደችም፤ መስታወቷን ዘግታ ተቀምጣ ሳለ የሥራ ባልደረቦቿ በሌላ መኪና አሽሽተዋት ነበር፤ ይህንንም እስከዚያች ዕለት ድረስ ለማንም አልተናገረችም።

ከቀትር በኋላ በሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ባንቺአየሁ ቀድማ ደርሳ፣ ሰው የሚቆምባቸውን ክቦች በአመድ አስምራ፣ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና ሳሙና በድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«ያ ሸህ፣ አዋጁን አፍርሳችኋል» አለች።

«ልጄ፣ ይህ ደም ካልደረቀ ያንቺ በሽታ ሳይደርስ የምንሞት አለን።»

«እንግዲያው ከክቡ የሚወጣ አይኑር፤ አፋችሁንም ሸፍኑ። እኔ እስከ አራት ነው የምቆጥረው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አያይም።»

አብደላ ባዶ እጁን ከአበጋሩ ኋላ ቆመ። በስተቀኝ ወይዘሮ መስኡዳ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ፤ ከአጠገባቸው ሰዑድ ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ሥር እንደ ከተተ ቆመ፤ ያንን እጅ የማያይ ሰው አልነበረም።

ሒክማ በደለኛ ይቅርታ ሲለምን የሚሸከመውን ድንጋይ ይዛ ወደ መካከል ገባች፤ ከጎኗ አስቀምጣውም ተንበረከከች። «አውፍ በሉኝ፣ እናቴ። ጠጥቼ ነድቼ ልጅዎን ገድያለሁ» አለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ እስከ ውሃው ዳር ተሰማ፤ ፊቷ ወደ ላይ ቀና አለ፤ ከግራ ዓይኗም አንዲት ዘለላ ወረደች። ሆን ብላ አላወረደቻትም፤ ነገር ግን ሥጋዋ ሌላ ዓይነት ማልቀስ ከረሳ ዘመን ሆኖታል።

ወይዘሮ መስኡዳ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይችን እንባ አውቃታለሁ» አሉ። «ሙሐዲን ነው ዲሽ አስገብቶ ያሳየኝ። በፊልሙ እናትሽ ሞታ ስታለቅሺ እኔም ከመደቤ ላይ ሁኜ አብሬሽ አለቀስሁ። እሱ ይስቅብኝ ነበር፤ ‹እማ፣ እሷ እኮ ተከፍሏት ነው የምታለቅስ› ይለኝ ነበር። ዛሬስ ማን ከፈለሽ?»

ሰዑድ ከአመዱ ክብ ወጣ። አብደላ አልሸሸም፤ ዓይኑን ብቻ ጨፈነ።

«ሰዑድ… ርቀትህን ጠብቅ» አለች ባንቺአየሁ።

አበጋሩ ከዘራቸውን በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ተከሉት። «ጨረቃዋ አልታየችም» አሉ፤ ሰዑድም ባለበት ቆመ። ቀጥለው ወደ ሒክማ ዞሩ። «ተነሺ። ድንጋዩን አንሺና ፊትሽን ወደ ውሃው አዙሪ። ፊትሽ ለእኛ አይጠቅመንም። እስክትጠየቂ ድረስ ቃል እንዳይወጣሽ።»

ሒክማ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዓይን ያቆማት ነበር፤ አሁን ከፊቷ ውሃ ብቻ ነበረ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሄደች፤ ከኋላዋ የሚሰማት የወይዘሮ መስኡዳ መቁጠሪያ ሲንሸራተትና የሰዑድ ትንፋሽ ነበር፤ ድንጋዩም ወደ አንድ ትከሻዋ ያዘነብል ጀመር።

«ያ ሸህ፣ እኔ ልሸከምላት» አለ አብደላ።

«አንተ ከየካቲት ጀምሮ ተሸክመሃል። ይበቃሃል።»

ፀሐይ ከማዶው ሸንተረር ላይ በደረሰች ጊዜ ወይዘሮ መስኡዳ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ልጄ ሸሃዳ ይዟል?»

አብደላ ቀና አለ፤ የሰዑድ እጅ ከጃኬቱ ሥር ተንቀሳቀሰ። ሒክማ የኑርሀያትን ድምፅ በጆሮዋ ሰማች። ቃሉ አጭር ነበር፤ እንዴት እንደሚባል፣ የት ላይ እንደሚሰበር፣ ከስንት ዝምታ በኋላ እንደሚወጣ አሳምራ ታውቅ ነበር።

«አላውቅም» አለች። ድምፅዋ ጎርንኖ፣ በድንጋዩ ክብደት ተቆራርጦ ወጣ። «አልቀረብኩትም። ከመኪናው አልወረድኩም። መስታወቱን ዘግቼ… እጁ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፈራሁ። ከዚያ ወሰዱኝ።»

«በሕይወት ነበር?»

«እጁ ይንቀሳቀስ ነበር።»

ሰዑድ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሰማሽ እማ? ትታው ሄደች» አለ።

«ሰማሁ» አሉ ወይዘሮ መስኡዳ። ተነሥተው ከክባቸው ወጡ፤ ባንቺአየሁም አልከለከለቻቸውም። በዝግታ ሄደው ከሒክማ ኋላ ቆሙ። «ያ ሸህ፣ ይች ልጅ ውሸት ሙያዋ ነው። ያችን አንዲት ቃል ብትሰጠኝ እስክሞት ይዣት እኖር ነበር፤ ከለከለችኝ። ልጄ እንዴት እንደ ሞተ ዛሬ ሰማሁ። አውፍ ብያለሁ። ለሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ።» ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ገፍተው ጣሉት፤ ሒክማም አብራው ወደቀች፤ የሚያነሣትም አልነበረም።

«እኔ አውፍ አላልኩም» አለ ሰዑድ።

«አንተን ማን ጠየቀህ። ቤትህ ግባ፤ ነገ ሳይነጋ ሱሑር እንድበላ የሚቀሰቅሰኝ የለም።»

ሰዑድ እናቱን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ሥር አወጣ፤ ጩቤውን ከነአፎቱ በአበጋሩ እግር ሥር አኖረው። በደንቡ ደመኞች በአንድ ውሃ እጃቸውን ታጥበው ይጨባበጣሉ። «መጨባበጥ የለም» አለች ባንቺአየሁ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች፤ «መታጠብ ግን ታዟል።» ሰዑድና አብደላ ከበርሜሉ ሥር ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ሳሙናውን ለሌላው እያቀበለ፣ ሳይተያዩ ታጠቡ። የተጨባበጠ አልነበረም። ከከተማው መስጊድም ጨረቃ መታየቷ ተነገረ።

ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጥቂት ነገር ብቻ አስቀረ። የዚያ ዓመት ነገር ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ወረርሽኙ ነው። የባንቺአየሁ ሪፖርት በዕለቱ በሐይቁ ዳር የተገኙት አራት ሰዎች መሆናቸውንና ርቀታቸውን መጠበቃቸውን ይገልጻል። ከታንኳ ላይ በስልክ የተቀረጸች አጭር ምስል በወሬ ቻናሎች ዘንድ ስትዞር ሰነበተች፤ አንዲት ሴት ድንጋይ ተሸክማ ወደ ውሃው ዞራ ቆማ ትታያለች፤ ከሥሯም፣ ተዋናይቱ አዋጁን ጥሳ አዲስ ፊልም እየሠራች መሆኑ ተጽፏል። ሒክማ አላስተባበለችም። ፍርድ ቤቱ ሥራውን ሲቀጥል ቀርባ ከመኪናዋ አለመውረዷን ጭምር ተናገረች፤ ተፈረደባትና ታሰረች፤ ከወጣችም በኋላ በፊልም አልታየችም። አብደላ ማሽላውን ዘግይቶ ዘራ፤ የዘገየ ዘር የሚሰጠውን ያህል ሰጠው።

ወይዘሮ መስኡዳ ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት ሰጡት። የረመዳን ጨረቃ በታየች ቁጥር ግን፣ ሰዑድ ለተራዊሕ ሶላት ሲወጣ እርሳቸው ከአስፋልቱ ዳር ወርደው፣ ዓሣ አጥማጆቹ በሚቆሙበት ቦታ ይቆማሉ፤ ልጃቸው ሲሞት ማለት አለማለቱን ያላወቋትን የሸሃዳ ቃልም በእርሱ ስም አንድ ጊዜ ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።