ከአራቱ ክኒን ሁለቱ

ትዝታ የአባቷን ኮት ከማጠቧ በፊት ኪሱን ስትዳብስ በመሐረብ የተቋጠሩ ሁለት ክኒኖች አገኘች። አባቷ ይርጋ በየማለዳው እፊቷ የሚውጣቸው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ናቸው።

ጤና ጣቢያው አደራውን የሰጠው ለእሷ ነበር። ይርጋ አራት ክኒን ይውጣል፣ እሷ ታያለች፣ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። የአሥረኛ ክፍሏ ጎበዝ ግን ሰሞኑን ዓይኗ ደብተሯ ላይ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ የነቀርሳን ተህዋስያን በየቀኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ በቀመር አስልታ ለትምህርት ቤቱ የሒሳብ ውድድር ልታቀርብ ነው።

«ዋጡ አባዬ?» ትላለች ቀና ሳትል።

«ዋጥሁ፣ የኔ ሊቅ!»

ምልክት ታደርጋለች። የአባቷን በሽታ በቀመር ስታሳድድ አባቷን ማየት ረስታ ነበር።

ክኒኖቹን ይዛ ወጣች። ይርጋ ደጅ ተቀምጦ የሞፈሩን ጠፍር ያጠብቃል።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ይርጋ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሕፃን ደነገጠ። «ለሞገስ ነው» አለ።

ሞገስ ጋፋት የሚኖር የወንፈል ጓደኛው ነው። አንድ ቀን እሱ ለይርጋ ያርሳል፣ ሌላ ቀን ይርጋ ለእሱ። ይርጋ ታሞ በተኛ ጊዜ ግን ሞገስ የሁለቱንም ማሳ ብቻውን አረሰ።

«አሁን እሱም ያስላል። ታከም ስለው ‹ልጄን ልድር ስል ስሜ ይነሳል› ብሎ እምቢ አለኝ። እኔማ ድኛለሁ። እሱ ሲያርስልኝ ከርሞ እኔ መድኃኒት ልንሳው? ማን ሰው ይለኛል!»

ትዝታ ልትቆጣ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፍ ይቆጡታል? ሮጣ ደብተሯን አመጣች።

«ይኼን መስመር ይዩት። ተህዋስያኑ ናቸው። አራቱን ሲውጡ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ፣ ሳሉም ይተዋል። ሳንባ ውስጥ ተደብቀው የተኙት ግን ቀስ እያሉ ነው የሚሞቱት። ስድስት ወር የተባለው ለእነሱ ነው።»

«ሁለት ብውጥስ?»

ይህን አስልታው አታውቅም። መጠኑን በግማሽ ቀንሳ ቁጥሩን ረድፍ በረድፍ ሞላች። መስመሩ ጥቂት ወረደ፤ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ደብተሩን ወደ አባቷ አዞረችው።

«መድኃኒቱን የሚችሉት ተርፈው ይራባሉ፣ አባዬ። ያን ጊዜ አራቱም አይበቁዎትም። ለጋሼ ሞገስም እንደዚሁ ነው።»

ይርጋ መስመሩን በጣቱ ተከተለ። «እኔ እኮ ላድነው ብዬ…» አለ። «ከእሱ ጋር መካፈል ከጀመርሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል። ከዛሬ ጀምሮ አራቱንም እውጣለሁ። ለጤና ጣቢያው ግን አትንገሪ፣ ልጄ። ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺም ትወቀሻለሽ።»

እውነቱን ነበር። ነርሷ «ጎበዝ» እያለች ካርዱን ስታገላብጥ ትዝታ የሚሰማት ኩራት ትዝ አላት፤ ፊቷ ጋለ። ካርዱን ከግድግዳው ነቅላ ዘጠኙን ምልክቶች አንድ በአንድ ከበበቻቸው።

«ይነሱ አባዬ። ጤና ጣቢያ በጋፋት በኩል ነው የምንሄደው።»

ሞገስ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ደረሱበት። ይርጋ ጠጋ ብሎ የመጡበትን ነገረው፤ አብሯቸው ጤና ጣቢያ እንዲሄድም ለመነው። ሞገስ በክንዱ አፉን ሸፍኖ ሳለና አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰው ያየኛል፣ ይርጋ። እፍረቱን አልችለውም።»

ትዝታ ወደ ፊት ራመድ ብላ ካርዱን ዘረጋችለት።

«ጋሼ ሞገስ፣ እነዚህን ዘጠኝ ቀኖች ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ነው የሞላሁት። አሁን ይኼንኑ ልናገር እየሄድኩ ነው። ይምጡ፣ አብረን እንፈር።»

ሞገስ ካርዱን ሳይሆን እሷን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ጅራፉን መሬት ላይ አኑሮ በሬዎቹን ሊፈታ ወደ ቀንበሩ ሄደ።