የላረት ጣቢያ ሹም

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ነው። እውነቱን ለመናገር... ገና አላለቀም።

የምጽፍላችሁ ከባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከዐሥር ይላል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ፉርጎው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ላረት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀረናል፤ ከዚያ በፊት ልጨርስላችሁ።

የፊደል ስህተት ካያችሁ ይቅርታ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ስሜ ፍሉሪና ነው። ከዐሥራ አራት ወር በፊት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አባዬንና እማዬን ይዤ በዚሁ መስመር፣ በዚሁ ሰዓት ተጉዤ ነበር።

አባዬ፣ ሉዚ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የላረት ጣቢያ ሹም ነበር። ላረት ተራራ ሥር የተለጠፈች አንድ ፍሬ ጣቢያ ናት። እኛ ከላይ ፎቁ ላይ እንኖር ነበር፤ እሱ ከታች ቀይ ኮፍያውን ደፍቶ ባቡር ያሳልፍ ነበር። እጀታ ያላት አረንጓዴ ክብ ሰሌዳ ነበረችው። እሷን ከፍ ካላደረገ ባቡር ንቅንቅ አይልም።

ዛሬ ላረት ውስጥ ሰው የለም። መስኮቶቹ በጣውላ ተዘግተዋል። ባቡሩን የሚያዘው ሩቅ ከተማ ያለ ማሽን ነው። የሚቆመውም ተሳፋሪ ቁልፍ ሲጫንና «ወራጅ አለ» የሚለው መብራት ሲበራ ብቻ ነው።

ያኔ ሃምሳኛ የጋብቻ ዓመታቸው ነበር። አምስት ቀን በተራሮቹ መሃል፣ በባቡር ብቻ፣ ዘና ብለን እንሂድ አልኳቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አቀድን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ አይወድም፤ ስለዚህ ሆቴሎቹ ሁሉ ጣቢያ አጠገብ፣ ሊፍት ያላቸው። ሻንጣዎቹ በአደራ ቀድመውን ይሄዳሉ፤ እነሱ የሚይዙት የእጅ ቦርሳና ከዘራ ብቻ ነው። ወንበሮቹ በስተቀኝ፣ ሸለቆው በሚታይበት በኩል። ሁሉን አሰብኩ። ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

አባዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የጻፍኩትን በእርሳስ ያርማል።

«ይሄ ስንት ደቂቃ ነው ያልሽው?»

«አራት።»

«ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ለመውጣት?»

«ፊት ለፊት እኮ ነው የሚቆመው አባዬ። ሃያ እርምጃ አይሞላም።»

«በማን እግር?»

እማዬ ሳቀች። «በሱ እግርማ አርባ ነው። የቀረው ጊዜ ሰው ሰላም ለማለት ይሄዳል።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለ አባዬ። «ቀጣዩን እንያዝ። እስከዚያ ቁጭ ብለን ሾርባችንን እንጠጣለን።»

ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆቴሉ በረንዳ ላይ እንዲቀመጡ ፈልጌ ነበር። ፎቶውን አይቼው፣ በዚያ ብርሃን ላያቸው ጓጉቼ...

«ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ስታዝ ኖረህ ዛሬ ባቡር ፈራህ?» አልኩት። ለቀልድ ነበር።

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሁሉ ዕቅድ እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«በላረት በኩል ይሁን። አንወርድም። በመስኮት ልያት ብቻ።»

ባቡር የምንቀይርበት ጣቢያ ስንደርስ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነበር። ደቂቃ አልዘገየንም። እኛ አገር ባቡር አይዘገይም፤ የተማመንኩትም በዚያ ነበር።

ከመጀመሪያው ወርደን፣ እማዬን ደግፌ ሁለተኛው ባቡር ላይ አወጣኋት። ጉልበቷ እምቢ ብሏት ደረጃው ላይ ቆም አለች። አባዬ ከኋላችን ነበር። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት መጣችና ከዘራውን ወደ ጎን አድርጎ አሳለፋት። ኮፍያውንም አነሳላት።

በሩ ተዘጋ።

ዘወር ስል እሱ ውጭ ቀርቷል፤ መስታወቱ በመሃላችን ነው።

የበሩን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ። አልከፈተም። አባዬ ግን አልደነገጠም። ፈገግ አለ። ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገ... ድሮ ሰሌዳዋን እንደሚያነሳት።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት።

ስልኩ ላይ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም።

ትኬት ተቆጣጣሪው መልካም ሰው ነበር። «አይዞዎት እናታችን» አላት እማዬን። «ለጣቢያው ደውያለሁ። በሚቀጥለው ባቡር ያሳፍሯቸዋል።»

«እሱ ባቡር አያጣም» አለች እማዬ። ግን የእጅ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ይዛ ነበር።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ጣቢያ ቦርዳ ነበረች። ከመስኮት ውጭ አየሁ።

አባዬ መሳፈሪያው ላይ ቆሟል።

ክው አልኩ። የሚመስለው ሰው ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ካፖርቱ የሱ ነው። ኮፍያው የሱ ነው። ከዘራው ብቻ የለም።

ክንዱን ከፍ አደረገ። ባቡሩ ተነሳ።

እማዬን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሁለተኛዋ ጣቢያ ፕራዳስ ናት። አሁንም አለ። ካፖርቱ የለም፤ የጣቢያ ሹም ልብሱን ለብሷል። ጺሙ ጥቁር ነው። ወገቡ ቀጥ ብሏል። እኔ ልጅ ሳለሁ የማውቀው አባዬ ነው። እጁ ላይ ሰሌዳዋ አለች።

«ታየሽ?» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ፍሉሪና...»

«ምንም አላየሁም እማዬ።»

ዋሸኋት።

ከዚያ ላረት።

ማንም ቁልፍ አልተጫነም። ፉርጎው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ተኝተዋል። ግን «ወራጅ አለ» የሚለው መብራት በራ። ባቡሩ ቀስ ብሎ ቆመ። በሩ ተከፈተና ቀዝቃዛ አየር ገባ።

አባዬ ከጣውላዎቹ ፊት ቆሟል። ቀይ ኮፍያ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ። ሰሌዳዋ ወደ ታች ናት። አላነሳትም።

እማዬ ብድግ አለች። ደረጃ ስትወጣ ያቃሰተችው ሴትዮ ጉልበቷን ሳትይዝ ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?»

«እየጠበቀኝ ነው።»

«ማንም የለም እማዬ። ቁጭ በይ።»

«ወራጅ ሳይወርድ ባቡር አሳልፎ አያውቅም።»

«እማዬ፣ እባክሽ...»

«አይተሽዋል። የወለድኩሽ ነኝ፣ ፊትሽን አውቀዋለሁ።» ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «አንቺ ሂጂ የኔ ልጅ። ሆቴሉን ይዘሻል። እኔ እዚህ እወርዳለሁ።»

በዚያች ቅጽበት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። በግራ እጄ አነሳሁት። በቀኜ የእማዬን የእጅ አንጓ ያዝኩ።

አንድ ሰው በጣም ቀስ ብሎ ያወራኛል። አባትዎ... በሩ እንደተዘጋ... ልባቸው ነው... ብዙ ሞከርን። ሰዓቱን ነገረኝ። አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት።

እጇን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

«ልቀቂኝ» አለች እማዬ።

አልለቀቅኳትም። እናንተስ ትለቋት ነበር? አንዱን ከሃምሳ ደቂቃ በፊት አጥቼዋለሁ። ሁለተኛዋን በገዛ እጄ ወደዚያ በር ልስደዳት?

ተቆጣጣሪው ሹፌሩን በስልክ ሲያነጋግር ይሰማኛል። «ምልክቱ አልተለቀቀልንም... እኔም አልገባኝም።»

ባቡሩ አራት ደቂቃ ቆመ። ቆጥሬዋለሁ።

አባዬ እማዬን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም... ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን ደፋና ሰሌዳዋን አነሳት።

በሩ ተዘጋ። እማዬ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ሁለቴ» አለችኝ። «ሁለቴ ዘጋሽበት።»

ማታ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ሦስቱም ሻንጣዎች ተደርድረው ጠበቁን። የአባዬን ከፈትኩት። ሸሚዞቹን በሥርዓት አጥፏቸዋል። ከላያቸው ያ የዕቅድ ወረቀት አለ። ከእኔ «4 ደቂቃ» ጎን በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦

«ካልበቃን እነሱ ይቅደሙ።»

አንጀቴ ተቆረጠ። እስከ ዛሬም አልተቀጠለም።

እማዬ ከዚያ በኋላ ብቻዋን መኖር አልቻለችም፤ የአረጋውያን መጦሪያ ገባች። አንጓዋ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀረ። አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት፣ ሰማያዊ። ሐኪሙ በሳምንት ይጠፋል አለ። በወሩም አልጠፋም። በዓመቱም።

ከማንም ጋር አታወራም ነበር። እኔ ስሄድ ብቻ አንድ ነገር ትላለች።

«እጄን ልቀቂኝ።»

መስኮቱ ጋ ቆሜ ትላለች። ከክፍሉ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትላለች። ነክቻት አላውቅም... ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን መንካት ፈርቼ ነበር።

«አልያዝኩሽም እማዬ።»

«ልቀቂኝ የኔ ልጅ። ይጠብቀኛል።»

የሞተችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሯ ላይ እንዳለች። ሰማያዊውን ሹራቧንና የቤት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ። እኔ ያን ሰዓት ቤቴ ድንች እየላጥኩ ነበር። ድንገት ቢላው ከቀኝ እጄ ወደቀ።

እጄ ተጨበጠ። ተጨብጦ ቀረ።

ሁለት ሐኪሞች አዩት። አጥንቱ ደህና ነው፣ ነርቩ ደህና ነው አሉ። ጣቶቼ ግን አይዘረጉም። የሆነ ነገር የያዙ ይመስል መሃላቸው ክፍት ነው... የአንድ ቀጭን አንጓ ያህል።

በቀብሯ ቀን በግራ እጄ አፈር ጨመርኩ። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። በቃ፣ አሁን እሱ ጋ ደርሳለች አልኩ። ዛሬ የተሳፈርኩትም ለዚህ ነው። ላረት ላይ ሁለቱን አብረው ቆመው ላያቸው። ከሩቅ፣ በመስኮት። ከዚያ ይቅርታ ልላቸው።

ቦርዳን አለፍን። ማንም አልነበረም።

ፕራዳስንም አለፍን። ባዶ ነው።

...

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ።

ቁልፉን አልተጫንኩም። መብራቱ በራ።

ቆመናል። በሩ ተከፍቷል።

አለ። አባዬ አለ። በረዶው ዙሪያውን ሁሉ ይጥላል፣ ኮፍያው ላይ ግን አንድም የለም። ሰሌዳዋ ወደ ታች ናት።

ብቻውን ነው።

እማዬ አጠገቡ የለችም። ከኋላውም የለችም። መሳፈሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ በረዶው ላይ አንድ ዱካ የለም።

«አባዬ» አልኩት በመስታወቱ። «የለችም እኮ... ዐርፋለች። አንተ ጋ የመጣች መስሎኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ወደ እኔ አይደለም... ወደ እጄ።

ከተራራው ጥላና ከበረዶው የተነሳ ውጭው ጨለም ብሏል። የፉርጎው መብራት በርቷል። መስታወቱ ውስጥ ራሴን አያለሁ፤ ከአጠገቤ ያለውን ወንበርም አያለሁ።

ወንበሩ ባዶ ነው። አሁን ዘወር ብዬ አየሁት፣ ባዶ ነው።

መስታወቱ ውስጥ ግን ባዶ አይደለም።

ሰማያዊ ሹራብ። የቤት ነጠላ ጫማ። ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

አንጓዋን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ልለቃት እየሞከርኩ ነው። እመኑኝ፣ መጻፉን እያቆምኩ በግራዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየጎተትኳቸው ነው... እምቢ አሉኝ።

«እማዬ ሂጂ» እላታለሁ። «ውረጂ፣ ሂጂለት።»

አራት ደቂቃ ሞላ።

ጣቶቼ አልተፈቱም። አባዬም ሰሌዳዋን አላነሳትም።