በሩ ላይ የተለጠፉት ሦስት ወረቀቶች

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በኮሮና ሞቱ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መርማሪዋ ባልተጠራች ነበር። ሰውየው ግን ስድስት ወር ሙሉ ከክፍላቸው ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ሳምንት እሳቸው ዘንድ የገቡት ትልቁ ልጃቸው፣ ሴት ልጃቸውና አስታማሚዋ ብቻ ናቸው። ሦስቱም የማክሰኞ ቀን የተጻፈበት «ነፃ» የሚል የምርመራ ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈዋል። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው አተኮሳቸው፤ በአሥራ ሦስተኛው አረፉ። ታዲያ በሽታው በየት ገባ? በቁልፍ ቀዳዳ?

ቤተሰቡ ጣቱን የቀሰረው አስታማሚዋ ላይ ነው። ክሱ ከጸና የሥራ ፈቃዷን ትነጠቃለች፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የላትም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሳትነፋው የምታሳልፈው ወሬ የለማ! ሳሎን ገብታ መስኮቶቹን ከፈተች፣ ሰዎቹንም አራርቃ አስቀመጠች።

«ያን ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አርፍዳለች፤» አለ ትልቁ ልጅ፣ ወጥ ቤቱ በር ሥር ተቀምጦ። «የት የት ስትዞር እንደነበር ማን ያውቃል?»

«እርስዎስ የት ተመረመሩ?»

«ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ተሰልፌ። በጠዋት ጨርሼ መጣሁ።»

እህቱ «ትምህርት ቤት? እኔ እኮ…» ስትል ምድጃ ላይ የተረሳ ወተት ገንፍሎ አረረ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሴት ልጅቱ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

«ደግሞ እሷ ምን ሆና ነው የምትሮጠው?» አለ ወንድሟ።

 ወንፊት ወጥታ አስታማሚዋን ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«የት አረፈድሽ?»

«ትምህርት ቤቱ ስሄድ ዝግ ነው። ዘበኛው ‹ምርመራው ከትናንት ጀምሮ ወደ ስታዲየም ተዛውሯል› አለኝ። እዚያ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ ረፈደብኝ።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው እኮ። ማን ሊሰማኝ!»

ወንፊት ዘበኛውን ጠየቀች፤ ስታዲየም ሄዳ መዝገብ አገላበጠች፤ ሦስቱን ወረቀቶችም ብርሃን ላይ ይዛ አየቻቸው። በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ የተመረመረ ሰው የለም፤» አለች ወደ ትልቁ ልጅ ዞራ። «በስታዲየሙ መዝገብ ሁለቱ ሴቶች አሉ፣ እርስዎ የሉም። ዛፉ ሥር መሰለፍስ ተሰልፈዋል፤ ግን ወሩ በገባ በአራት ነው። ከዚያ አራቷ ፊት አንድ ቁጥር ጨመሩባት። የምርመራ ጣቢያው ቀለም ጥቁር ነው፣ የእርስዎ ሰማያዊ። ትናንት ደግሞ ወተቱ አጠገብዎ ሲያር አልሸተተዎትም። ማሽተት ያቆሙት መቼ ነው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «የዚያ ማክሰኞ ዋዜማ።»

«ወንድም ጋሼ!» አለች እህቱ።

«ከአባቴ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ‹ማክሰኞ ይምጣ› ብለው ሲያስደውሉልኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ብመረመር እከለከላለሁ፤ ሁለት ሳምንት ብቆይ ደግሞ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ፈራሁ። ‹ፊትህን ልየው› አሉኝ። ማስኬን አወለቅኩ።»

«እሱስ ይሁን፤ ይቺን ልጅ ለምን አሳልፈው ሰጧት?»

 አስታማሚዋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ የደወልኩልዎት እኔ ነኝ። ‹ማክሰኞ ይምጣ› እንዳልኩ ስልኩን ዘጉት። አልጨረስኩም ነበር። አባባ ያሉኝ ‹ማክሰኞ ካልተመቸው በተመቸው ቀን ይምጣ፤ እኔ እንደሆን ሳላየው የትም አልሄድም› ነው።»

ትልቁ ልጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ የሚደውልለት እንዳለ ሁሉ፣ ዝም ብሎ ያየው ጀመር።