ሳባ ያልጠጣችው መድኃኒት

የባህል ሐኪሙ አካለ ወልድ የሞተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ብቸና ውስጥ፣ በሽተኛ በሚቀበልባት ክፍል ነው። በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ ግድግዳውን ተደግፎ ቀርቷል። ያገኘችው ሳባ ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የምትሄደው ለምስክርነት ነበር። ኤች አይ ቪ በደሟ ይዛ ተወልዳ፣ ኪኒን ሳትውጥ ጤነኛ ሆና ስላደገች፣ የባህል ሐኪሙ «በእኔ መድኃኒት የዳነች ይቺ ናት» እያለ ለሰው ያሳያት ነበር።

ኢንስፔክተር አስናቀች ሬሳውን ስታይ ምንም አልተሰማትም። ታላቅ ወንድሟን በዚሁ በሽታ፣ መድኃኒቱ ገና አገር ሳይደርስ ከቀበረች ወዲህ፣ በሞተ ሰው ፊት ልቧ አይነቃነቅም፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ አለ፤ በሥሩ ቢጫ ዝቃጭ፣ በዝቃጩ ላይ ሦስት የሞቱ ዝንቦች። አጠገቡ በግማሽ የጎደለ የላስቲክ ውኃ መያዣ ቆሟል፤ በአፉ ዙሪያ የተሰበረ ሰም ተጣብቋል። የሟቹ ጥቁር መድኃኒት መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው።

«ሰፈሩ ሁሉ በራሱ መድኃኒት ሞተ ነው የሚለው» አለ ረዳቷ ሳጅን እንዳለው።

«የእሱ መድኃኒት እንደ እሬት ይመራል ይባላል። ዝንብ እሬት ላይ ምን ትሠራለች?» ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ይህ ብርዝ ነው፤ የማር ውኃ። ከማሩ ሥር የተባይ መርዝ ይሸታል።»

በዚያ ጧት ወደ ግቢው ሲገቡ የታዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አስናቀች አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

የመጀመሪያዋ ፈንታዬ ናት፤ የሳባ አክስት፣ ልጅቱንም እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት። ቤቷ ከሟቹ ቤት በአጥር ብቻ ነው የሚለየው።

«ሳባ ከእንግዲህ አትመጣም ልለው ነበር የሄድኩ» አለች።

«ለምን፣ እትዬ ፈንታዬ?»

«እንዲያው… ደከማት።»

«መድኃኒቱን ስንት ጊዜ ጠጣች?»

«ስንት ዓመት ሙሉ።»

አስናቀች ወደ ልጅቱ ዞር አለች። «ጣዕሙ ምን ምን ይላል?»

«አላውቅም» አለች ሳባ።

ፈንታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ገና ትንሽ ሳለች የመጀመሪያውን ማንኪያ ተፋችው። ከዚያ ወዲያ እደፋው ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«‹ድናለች› ከተባለ ወዲህ የጎረቤት ልጆች አብረዋት መብላት ጀመሩ። እንዴት ብዬ ላፍርሰው?»

ሁለተኛዋ ሲስተር ሄለን ናት። ሞጣ የምትሠራ ነርስ ስትሆን፣ ፈንታዬ የብቸና ሰው እንዳያያት ብላ ሳባን በድብቅ የምታስመረምረው እሷ ዘንድ ነበር።

«ልጣላው ነው የመጣሁት» አለች ሄለን ሳትሸሽግ። «ይቺን ልጅ እያሳየ ስንቱን ኪኒን አስጣለ! ‹ጫማሽ ቤቴን እንዳይረግጥ› ብሎ ከደጅ መለሰኝ።» ስድቡን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል።

«ልጅቱ ታዲያ በምን ዳነች?»

«አልዳነችም፣ ኢንስፔክተር። ቫይረሱ አሁንም በሰውነቷ ውስጥ አለ። ግን ደሟን ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ልከን ስናስለካ፣ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ሆነ። የራሷ የመከላከያ አቅም ነው አፍኖ የያዘው። ከቫይረሱ ጋር ከተወለዱ ልጆች እንዲህ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። በእሷ የሆነው በሌላው አይሆንም፤ በእሷም እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለአክስቷና ለራሷ፤ ለሌላ ሰው አልተነፈስኩም።»

ሦስተኛው ስጦታው ነው፤ የሞጣ ገበሬ፣ ሃያ ቀፎ ያለው። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሐብታሙ፣ አካለ ወልድ ኪኒኑን ካስጣለው ወዲህ እየመነመነ ሄዶ፣ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ ነው። ስጦታው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሰው ዕቃ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

«ቂም ይዘውበት ነበር?»

«ምን ብዬ? እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ። መድኃኒቱ ጥሩ ነው። ዛሬም ለባለቤቴ ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ጥሩ ከሆነ ሐብታሙን ለምን አላዳነውም? ሳባ ድና የለም?»

«ሳባ ሌላ ናት» አለ፤ ድምፁ አልከፋ፣ አልለዘበ። «የሷ ደም ራሱ ይጠብቃታል። የኔ ልጅ እንዲያ ያለ ደም አልነበረውም።»

አስናቀች ብዕሯን ከደነች።

በማግሥቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስቱንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳባ ከአክስቷ ጎን ቆማለች። ከደጅ፣ ገና የሟቹን መርዶ ያልሰሙ በሽተኞች ከየገጠሩ መጥተው ቆመዋል።

«አካለ ወልድን የገደለው ከማር ጋር የተበጠበጠ መርዝ ነው» ብላ ጀመረች። «ብርዝ የእንግዳ ስጦታ ነው፤ ሰው ከጠላው እጅ ብርዝ ተቀብሎ አይጠጣም። ሲስተር ሄለንን ከደጅ ነው የመለሳት፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም። ቤት ገብተው የተቀመጡት እትዬ ፈንታዬና ስጦታው ናቸው።»

ፈንታዬ ሳባን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«የዕቃው አፍ በሰም ታሽጎ ነበር። አጥር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ብርዙን በሰም አያሽግም። በሰም የሚያሽገው፣ ከሞጣ እዚህ ድረስ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ፣ በመኪና ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ነው። ሰሙም ያልነጠረ የቀፎ ሰም ነው።»

ስጦታው ቀና አላለም።

«አሁንም ‹በመድኃኒቱ አምናለሁ› ያለ ሰው እንዲህ አያደርግም ሊባል ይችላል። እርስዎ ግን ‹የሳባ ደም ራሱ ይጠብቃታል› አሉኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው በአካለ ወልድ መድኃኒት አያምንም። ሲስተር ሄለን ለሌላ አልነገረችም። እትዬ ፈንታዬ፣ እርስዎስ?»

«ለሐብታሙ ለቅሶ ልደርስ ሞጣ ሄጄ…» አለች ፈንታዬ ስጦታውን እያየች። «‹የኔ ልጅ አንድ ጠብታ አልጠጣችም፤ የገዛ ደሟ ነው› አልኩት። ይቅር ይበለኝ ብዬ እኮ ነው!»

ስጦታው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ፣ በቀስታ ጀመረ።

«ሐብታሙ ኪኒኑን አይረሳም ነበር። ‹አባዬ፣ ዛሬ አልዋጥኩም እኮ› እያለ ያስታውሰኝ ነበር። ‹ተወው፣ ሳባን አላየህም?› እለዋለሁ። አምኖኝ ተወ። ይኼ ሰውዬም ብርዙን ሲጠጣ ‹ማርህ ግሩም ነው› አለኝ። ደስም አላለኝ፣ አልጸጸተኝም። ምንም የለም። ባለቤቴን ብቻ፣ ኪኒኗን እንዳታቋርጥ ንገሩልኝ።»

«እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለች ሄለን።

ሳጅን እንዳለው እጁን ይዞ ሲያስነሣው አልታገለም። ከበሩ ሲደርስ ሳባ፣ «ሐብታሙ የሞተው በኔ ነው?» አለች፤ ማንን እንደጠየቀች አይታወቅም።

ስጦታው ቆመ። አስናቀች በልጅቱ ቁመት ልክ ዝቅ አለች። ወግ የሚያውቅ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን እንባው ከየት እንደሚመጣ እንኳ ረስታዋለች።

«በአንቺ አይደለም» አለቻት። «አንቺን እያሳዩ የዋሹት ትልልቆቹ ናቸው። አንቺ የተጠየቅሽው ትናንት ነው፤ ስትጠየቂም እውነቱን ተናገርሽ።»

ሳባ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሄለን ዞረች። «የኔ ደም ቢደክመውስ?»

«ሳይደክመው ኪኒኑን እንጀምርለታለን።»

ያኔ ፈንታዬ ተነሣች። ስንት ዓመት በነጠላዋ የሸፈነችውን ፊቷን ገልጣ ወደ ደጅ ወጣች፤ የቆሙትን ሰዎች አየቻቸው፤ እነሱም አዩዋት።

«ስሙኝ» አለች። «ይቺ ልጅ የዚህን ቤት መድኃኒት ጠጥታ አታውቅም። ዋሽቻችኋለሁ። ነገ ሞጣ ይዣት እሄዳለሁ፤ ኪኒን ላስጀምራት። በእሷ የተነሣ ኪኒናችሁን የጣላችሁ ካላችሁ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ተመለሱ።»

ማንም አልጮኸባትም፤ የሰደባትም የለም። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት፣ ያዘለችውን ሕፃን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችና፣ ዘወር ብላ ፈጠን ፈጠን እያለች የሞጣ መኪና ወደሚቆምበት መናኸሪያ አቀናች።